ከላስቲኩ ሥር የቀረው አረንጓዴ

ኅዳር 13 ቀን 2017፣ ዓርብ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቀለሙ ሸሸ።

ሁለተኛውን የቀለም ዙር ጨርሰን የሥራ ባልደረባዬ ዋሴ መርጫውን ሲያወርድ፣ በመኪናዋ የግራ በር ላይ ምስር የምታህል ክብ ቀዳዳ አየሁ። ቀለሙ ከመሐሏ ወደ ዳር ሸሽቶ ከሥር ያለው ግራጫ ፈጠጠ። ጎንበስ ስል ሌላ። ከጎኑ ሌላ። ሃያ ሰባት ስደርስ መቁጠሬን ተውኩት። በሩ፣ የፊተኛውን ጎማ የሚከልለው ፓራፋንጎ፣ ኮፈኑም እስከ ግማሹ።

"ቅባት ነክቶታል" አልኩ።

የጋራዡ ባለቤት ጋሼ ሕዝቅኤል ድምፄን ሰምተው ገቡ። መጀመሪያ ያዩት በሩን አይደለም። የኔን ራስ ነው። ትናንት ለሚካኤል ንግሥ እናቴ ቅቤ ቀብታኝ ነበር። ጠዋት ፀጉሬን በፌስታል አስሬ፣ በላዩ ሻሽ ጠምጥሜ፣ በሻሹ ላይ የሥራ ቆቤን ደፍቼ ነው የገባሁት። ጠብታ ሊወርድ አይችልም። አይችልም።

"ቅቤ ተቀብተሽ ቀለም ቤት ገባሽ?"

"ታስሯል ጋሼ፣ ይዩት..."

"ምኑን ነው የማየው? ሽታው በር ላይ ተቀበለኝ እኮ። ውጪ።"

ዋሴ የመርጫውን አፍ በጨርቅ እየጠረገ ነበር። ጠዋት አርፍዶ ሲመጣ "ኮምፕሬሰሩን አራግፈኸዋል?" ብዬው "አራግፌዋለሁ" ብሎኛል። ስለ ኮምፕሬሰሩ አንድ ነገር ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ጠረገ። ንጹሕ የሆነውን አፍ ደጋግሞ ጠረገ።

ወጣሁ።


ያው ቀን፣ ማታ

አሁን ሁሉን ከሥሩ ልጻፈው።

መኪናዋ የእትዬ ወለተ ሐና ናት። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ የጣሊያን ስፖርት መኪና። ሟቹ ባለቤታቸው የመንገድ መሐንዲስ ነበሩ፤ በ1962 ከአስመራ ነድተው አመጧት። ደርግ ሲገባ "ፊውዳል" እንዳይባሉ ፈርተው ከቤቱ ጀርባ ገለባ ከመሩባት። ገለባው በየዓመቱ ተቀየረ እንጂ መኪናዋ አልወጣችም። ዘንድሮ አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ዓለምብርሃን ለአሮጌ መኪኖች ትርኢት ሊያቀርባት ፈለገ። በስልክ ያለኝን በዚህ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ፤ "ፋብሪካው እንዳወጣት ትሁን። ከፋብሪካው የባሰች አልቀበልም፤ ከፋብሪካው የተሻለችም አልቀበልም።"

ይህን የሚገባው ሰው በወረታ እኔ ብቻ ነኝ። ትዕቢት አይደለም። ባሕር ዳር አራት ዓመት ኬሚስትሪ ተምሬ፣ በማዕረግ ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ ነው እዚህ ጋራዥ ቀለም ልቀላቅል የገባሁት። ሁለት ዓመቴ። መቀላቀሉን ይዤ መጣሁ፤ መርጨቱን ዋሴ አስተማረኝ። እጄን በእጁ ይዞ "ከትከሻሽ እንጂ ከአንጓሽ አይደለም" ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ፣ እጁን በቲነር እየታጠበ፣ ቀና ሳይል "እኔና አንቺ አብረን የራሳችንን ቀለም ቤት ብንከፍት ማን ይችለናል?" አለኝ። አብረን። ይኸው ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ አልደገመውም፤ እኔም አላነሳሁትም። ማለቴ ለሱ።

ከአዲስ አበባ የመጣልን ቀለም ስምንት ሊትር ነበር። አራቱ ዛሬ በሩ ላይ ሞተ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። ያለን አንድ ዕድል ነው።

ጠብታ ወርዶ ቢሆንስ? ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ያልኩ ጊዜ። ፌስታሉ ተቀድዶ ቢሆንስ?

ፌስታሉን ከቆሻሻ መጣያው አውጥቼ ውሃ ሞላሁበት። አያፈስም።


ኅዳር 16

ቀለም ቤት እንዳልገባ ታገድኩ። መቀላቀል እችላለሁ፤ በግቢው ዳር ባለችው የዕቃ ክፍል። መርጨት ግን "የዋሴ ብቻ ነው።"

ስም ወጥቶልኛል። "ባለቅቤዋ።" ዛሬ ጎማ ሊያስነፋ የመጣ የባጃጅ ነጂ ሳይቀር "ባለቅቤዋ ደኅና አደርሽ?" አለኝ። "ደኅና፤ ያንተ ባጃጅ ግን ቅቤ አጥታ ትጮኻለች" አልኩት። ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ዕቃ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ከግድግዳው ማዶ አንዱ ብረት ቀጥቃጭ ለሌላው ሲያወራ ሰማሁት፦ "እናቷ ሸክላ ሠሪ አይደለችም እንዴ? ቅቤው ብቻ አይመስለኝም።"

ዋሴ አጠገባቸው ነበር። ሰማያዊ ሹራቡን ለብሷል። ለምን ይህን እንደጻፍኩት አላውቅም።


ኅዳር 20

የተበላሸውን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቁት ዋሉ። ድምፁ ጥርሴ ውስጥ ይገባል።

እትዬ ወለተ ሐና በምርኩዛቸው መጡ። ወደ ዕቃ ክፍሉ ገብተው ጣሳ ላይ ተቀመጡ፤ ወንበር ብፈልግላቸው "ተይው፣ ጣሳው ሙቀት አለው" አሉኝ። ስለ ቅቤው ሰምተዋል።

"እውነት ነው ልጄ?"

"አይመስለኝም እትዬ።"

"አይመስለኝም አይባልም። ወይ ነው፣ ወይ አይደለም።"

ግቢው ውስጥ ወደቆመችው መኪና ወሰድኳቸው። ከዚያ የኋላውን የዕቃ መጫኛ ክዳን ከፍቼ፣ ጠርዙን የሚዞረውን ላስቲክ ገልጬ አሳየኋቸው። ውጪው በገለባና በእርጥበት አመድ መስሏል፤ ከላስቲኩ ሥር ግን አንድ ጣት የምትሰፋ መስመር ፋብሪካው እንደቀባት አለች። ፀሐይ አላየቻትም። በነሐሴ መጨረሻ ከርብ ወንዝ ወዲህ ያለው የሩዝ ማሳ ውሃ ላይ ቆሞ የሚኖረው አረንጓዴ፤ ጠቆር ያለ፣ ከውስጡ ትንሽ ቢጫ የሚታየው።

ጣታቸውን አሳረፉባት።

"እኔ የማስታውሳት ከዚህ ደመቅ ያለች ነበረች።"

"ሰው ሲያስታውስ ያደምቃል እትዬ። ይህችኛዋ ግን አልዋሸችም።"

"ባሌም እንዲሁ ነበር" አሉ። "ከኮቱ በታች ነበር የሚያምረው።" እየሳቁ ተነሱ።

ከቀረን ቀለም እየቆነጠርኩ እስከ ማታ እንደ አዲስ ሰባት ጊዜ ቀላቀልኩ። ይህ ቀለም እርጥቡ ሌላ ነው፣ ደረቁ ሌላ፤ ሲደርቅ ይጠቁራል። እያንዳንዱን በቆርቆሮ ቁራጭ ቀብቼ፣ አድርቄ፣ ፀሐይ ላይ ከመስመሯ አጠገብ አስቀምጣለሁ። ስድስተኛው ሰማያዊ በዛበት። ሰባተኛውን ሳስጠጋው ድንበሩ ጠፋ። የቱ አዲስ የቱ አሮጌ እንደሆነ ልቤ ያውቀዋል እንጂ ዓይኔ አልለየውም።

የማሳየው ሰው ፈልጌ ዞርኩ። ዋሴ ወደ ቤቱ ሄዷል።


ኅዳር 26

ወይ ነው፣ ወይ አይደለም።

እናቴ ገል ስትሞክር አይቻለሁ። አዲስ አፈር ሲመጣላት አንድ ትንሽ ገል ሠርታ እሳት ውስጥ ትጥላለች። ከተሰነጠቀ ጋኑን አትሠራም። "ለምን እንደተሰነጠቀ ያላወቀ ነገም ይሰነጥቃል" ትላለች። ዩኒቨርሲቲው ይህንኑ በሁለት ሴሚስተር አስተማረኝ።

ስለዚህ ዛሬ ቅቤ ለመንኳት።

"በጾም ቅቤ? ለራስሽ ነው ለሆድሽ?"

"ለራሴ ነው እማ።"

"እንዴ፣ በቀደም በራስሽ አይደል ጉድ የሆንሽው?"

"ለዚያው ነው።"

አየችኝ፤ ከዚያ ከቅሉ በጣቷ ቆረሰችልኝ። ሁለተኛ አልጠየቀችም።


ኅዳር 27

ሁሉም ምሳ ሲወጡ አደረግሁት። አራት የቆርቆሮ ቁራጭ። በአንደኛው ላይ ቅቤ የተቀባ ፀጉሬን ፈትቼ አራገፍኩ። ሁለተኛውን በጋራዡ መጥረጊያ ጨርቅ ወለወልኩ። ሦስተኛው ላይ ከኮምፕሬሰሩ ቱቦ ባዶ አየር ለአንድ ደቂቃ ነፋሁ። አራተኛውን ምንም አላስነካሁም። በአራቱም ላይ ያንኑ ቀለም አፈሰስኩ።

 ነገ አያቸዋለሁ።


ኅዳር 28

የቅቤው ቀለሙን አልበሳውም፤ ሁለት ቦታ ላይ እንደ ሰም አለስልሶታል፤ እስካሁን በጣት ሲጫኑት ይንሸራተታል። ጨርቁ ንጹሕ ነው። ያልተነካውም ንጹሕ።

ሦስተኛው ዓሥራ አንድ ክብ ቀዳዳ። ምስር የሚያህሉ።

ኮምፕሬሰር አየር ሲያምቅ ውሃና ዘይት ከሆዱ ሥር ይጠራቀማል። ማለዳ ማለዳ ከሥር ያለችውን ቧንቧ ከፍቶ ማራገፍ ነው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ካላራገፉት ዘይቱ ከአየሩ ጋር በቱቦ ሄዶ ቀለሙ ላይ ያርፋል። ቧንቧዋን አየኋት። በአቧራ ተለስናለች፤ ከሳምንታት ወዲህ እጅ አልነካትም።

"አራግፌዋለሁ" ብሎኝ ነበር።

ምናልባት ረስቶት ይሆናል። ንግሥ አድሮ ነው የመጣው። ሰው ይረሳል።


ታኅሣሥ 3

ቆርቆሮዎቹን በጋዜጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣቸው እዞራለሁ። አምስት ቀን ሆነ።

ለጋሼ ለምን አላሳየኋቸውም? ጊዜው ስላልሆነ ነው። ሥራ ይበዛባቸዋል። ደግሞ ዋሴ ሁለት ታናናሽ እኅቶች ያስተምራል፤ ጋሼ ሲቆጡ ደግሞ መሐል የላቸውም። ደግሞ ራሱ ቢናገረው ይሻላል። እሱ ይናገረዋል። ዛሬ በዕቃ ክፍሉ በር ሲያልፍ ቆም ብሎ "ፍሬ" አለኝ። ብቻዬን ነበርኩ። እጄን ከቀለሙ አወጣሁ።

"አቤት።"

"ቲነር አለሽ?"

ሰጠሁት።

ኮምፕሬሰሩን ግን ከኅዳር 28 ጀምሮ ማለዳ ከሁሉም ቀድሜ እየመጣሁ እኔ አራግፈዋለሁ። ማንም አያውቅም።


ታኅሣሥ 8

ከጋሼ ጋር ተጣላን።

እሳቸው ከቀለሙ በላይ ቫርኒሽ ይደፋበት ይላሉ። "እንደ መስታወት ትብረቅ። ባለቤቱ ፊቱን አይቶባት ካልተላጨ ምን ሠራን?"

"በዚያ ዘመን ፋብሪካው ቫርኒሽ አልደፋባትም። ቀለሙ ራሱ ነው የሚያበራው። ቀረብ ብለው ሲያዩት እንደ ብርቱካን ልጣጭ ትንሽ ይሸካክራል፤ ያ መቅረት የለበትም። የኮፈኑ ውስጥ ደግሞ ሠራተኛው ቸኩሎ ስላለፈው ስስ ነው፤ እዚያ ሁለት ዙር እንጂ ሦስት አይረጭም።"

"ስንፍናውንም እንቅዳ ነው የምትይው?"

"አዎ።"

ዋሴ ሳቀ። በኔ ይሁን በሳቸው አላውቅም።

ከዚያ እንባዋ መጣች። እንባ የምላት በግራው በር ማጠፊያ ሥር ያለች የቀለም ፍሳሽ ናት። ፋብሪካው ውስጥ አንድ ሰው እጁን ለቅጽበት አዘገየና ቀለሙ ወርዶ ደረቀ፤ የስንዴ ቅንጣት ታህላለች። ዙሪያዋ ያለው ቀለም ፀሐይ ያላገኘው የፋብሪካው ነው። ጋሼ "ፍቂያት" አሉኝ። አልፈቅኋትም። በወረቀት ሸፈንኳት።

ያን ሰው አስበዋለሁ። ስሙን የሚያውቅ የለም። ምሳ ሰዓት ደርሶበት ይሆናል። አንድ ሰው፣ ምናልባትም የሚወደው ሰው፣ ጠርቶት ዞር ብሎ ይሆናል።


ታኅሣሥ 14

አቧራ። አቧራ። ሩዝ ታጭዶ ገባ፤ ከጎናችን ያለው የሩዝ መፈተጊያ ከማለዳ እስከ ማታ ይፈትጋል። የገለባው ብናኝ በአየር ላይ እንደ ጉም ነው። ቀለም ቤቱን በላስቲክ ብንሸፍነውም ይገባል። በዚህ አየር የተረጨ ቀለም ጢም ያወጣል።

ጋሼ "እስከ ጥምቀት ካላለቀች ሰውየው ይወስዳታል" እያሉ ይጮኻሉ።


ታኅሣሥ 15

መላ አገኘሁ። መፈተጊያው በመብራት ነው የሚሠራው። መብራት ሲሄድ ይቆማል። እኛ ጄኔሬተር አለን። መብራት የሄደ ቀን፣ አቧራው እስኪሰክን አንድ ሰዓት ጠብቀን፣ ወለሉን ውሃ ረጭተን እንቀባለን።

ለዋሴ ነገርኩት። ለጋሼ ሄዶ ነገራቸው። "የዋሴ ጭንቅላት!" ሲሉ እስከ ዕቃ ክፍሉ ተሰማ።

በወረታ መብራት እንዲጠፋ ስለት የተሳልኩ የመጀመሪያዋ ሰው ሳልሆን አልቀርም።


ታኅሣሥ 18

መብራት አልጠፋም። ሲፈልጉት እንዲህ ነው።


ታኅሣሥ 20

ዋሴ ወባ ያዘው። ትናንት ለገብርኤል ደኅና ነበር፤ ዛሬ እየተንቀጠቀጠ ወደ ቤቱ ሄደ። ሎሚ ገዝቼ በራቸው ድረስ ሄድኩ። እናቱ በሩ ላይ ተቀበሉኝ። ሎሚውን ተቀበሉ፤ "ግቢ" አላሉኝም። ከደጃፉ ላይ ሆኜ አየሁ፤ ሎሚውን ከሌላው ዕቃ ለይተው ከውጪ ድንጋይ ላይ አስቀመጡት።

ትኩሳት ላለበት ቤት ጥንቃቄ ነው። መተላለፍ ይኖራል።

ወባ በሎሚ አይተላለፍም።


ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።

መፈተጊያው በሆዱ ውስጥ እንደ መቃተት ብሎ ቆመ። ከተማው ጸጥ አለ። የወፍ ድምፅ እንኳ ተሰማኝ። ጋሼ በሌሊት ወደ አንበሳሜ ሄደዋል፤ ብረት ቀጥቃጮቹ መብራት የለም ብለው ሻይ ቤት ገቡ። ግቢው ውስጥ እኔና መኪናዋ ነበርን።

አሰብኩ ማለት አልችልም። ወለሉን አጠብኩ። የኮምፕሬሰሩን ቧንቧ ከፍቼ አራገፍኩ፤ ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ አየሩን ነፍቼ አየሁ፤ ነጭ። ፀጉሬን ትናንት በሳሙና ሁለቴ ታጥቤዋለሁ፤ ቢሆንም አሰርኩት። ሰባተኛውን ቅልቅል አጠለልኩ። ጄኔሬተሩን አስነሳሁ።

ከትከሻ እንጂ ከአንጓ አይደለም።

አንደኛው ዙር እንደ ላብ ብቻ። ሁለተኛው ሸፈነ። እዚያ ላይ ቆምኩ፤ ኅዳር 13 የሸሸው እዚህ ጋ ነበር። ባትሪ ይዤ በሩን ከጥግ እስከ ጥግ አየሁት። አልሸሸም። ቁጭ ብዬ ትንሽ አለቀስኩ፤ ከዚያ እንባዬ ወለሉን እንኳ እንዳያቆሽሽ ውጪ ወጥቼ ጨረስኩት።

ለውጪው ሦስት ዙር፣ ለኮፈኑ ውስጥ ሁለት። በግራው ማጠፊያ ሥር ወረቀቱን ሳነሳ እንባዋ እንደነበረች ናት፤ አዲሱ አረንጓዴ እስከ ጠርዟ መጥቶ ቆሟል፣ ድንበሩ አይታይም።

እስካሁን በሕይወቴ የሠራሁት መልካም ነገር ይህ ነው። ስጨርስ ዞር አልኩ። ዞር ያልኩት ወደሱ ነው፤ ሁልጊዜ መርጫውን ተቀብሎኝ ቱቦውን ወደሚጠቀልልበት ቦታ። አልነበረም።


ታኅሣሥ 22

ጠዋት ዕቃ ክፍል ሆኜ ሰማሁ። ዋሴ ጋቢ ተከናንቦ መጥቷል፤ ደመወዝ እንዳይቆረጥበት ይመስለኛል። ጋሼ ከቀለም ቤቱ እየወጡ "እጅህ ይባረክ! እያተኮሰህ መጥተህ ጨረስካት? ወንድ ማለት!" አሉት።

ጠበቅሁ። እስከ ዓሥር ቆጠርኩ። እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።

"ተመስገን ጋሼ" አለ።

ትኩሳቱ ነው። የሚሉትን በደንብ የሰማ አይመስለኝም።


ታኅሣሥ 29፣ ገና

እናቴ ዶሮዋን እየገነጠለች፣ "ያ ልጅ የነገርሽውን ሁሉ ለሌላ የሚናገር ይመስለኛል፤ ስምሽን ትቶ" አለች።

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም። አንቺ ስለሱ ማውራት ተውሽ።"

ከሰዓት በኋላ በር ላይ ቆሜ የፎገራን ሜዳ ሳይ ዋልኩ። ገለባ ብቻ ቀርቷል። ከሁለት ዓመት በፊት በዚህ ቀን ዋሴ በዚህ መንገድ በብስክሌት አልፎ "ለገናው ተጫዋች ጎደለን፣ ትመጫለሽ?" ብሎኛል፣ ለቀልድ። ዛሬ ማንም አላለፈም ማለት አይደለም። ብዙ ሰው አለፈ።


ጥር 6

መስታወት፣ መከላከያ፣ መቀመጫ ገጠሙ። ላስቲኩን እኔ ገጠምኩት። የቀድሞዋን መስመር መልሼ ሸፈንኳት።

ጋሼ እንባዋን አዩዋት። "ይህቺን ፍሳሽ አየሃት ዋሴ? ልጅቷ ናት። ፍቂ ብያት ነበር።" ዋሴ ጎንበስ ብሎ አያት። ከዚያ እኔን አየኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየኝ። የሚያውቅ ሰው አስተያየት ነው። በዓይኑ እየነገረኝ ነው መሰለኝ። ለጊዜው ይበቃኛል።

(ይበቃኛል ብዬ ጻፍኩ። ይቆይ፤ አልሰርዘውም። ወደፊት አንብቤ ልየው።)


ጥር 13፣ ማክሰኞ

ዓለምብርሃን መጣ። ከእናቱ ጋር ሆነው በአራት ሰዓት ገቡ። ከስልክ አነጋገሩ ከበድ ያለ ሰው ጠብቄ ነበር፤ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ሲናገር ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል መሐንዲስ ነው። በእጁ የቀለም ውፍረት የሚለካ ሳሙና የሚያህል መሣሪያ ይዟል። በየቦታው እያሳረፈ ወረቀት ላይ ይጽፋል። 

ማጠፊያው ሥር ሲደርስ ተንበረከከ።

"ይህች ፍሳሽ..."

"እሷስ የልጅቷ ጥፋት ናት ጌታዬ" አሉ ጋሼ ቶሎ ብለው። "ዛሬውኑ ትፈቃለች።"

"እንዳትነኳት። የፋብሪካው ናት። ሌሎቹ ሁሉ ፍቀው ነው የሚያጠፏት። ይህችን ማን አተረፋት?"

ጋሼ አልዘገዩም። "ዋሴ ነው። የኔ ባለሙያ። አንድ ነገር አያመልጠውም።"

ዋሴ መሬት አየ።

"ጎበዝ" አለው ዓለምብርሃን። "እስቲ ንገረኝ፤ የኮፈኑ ውስጥ ከውጪው ስስ ነው። ትክክል ነው፣ ግን ከምን አወቅህ? ስንት ዙር ረጨኸው?"

"ሦስት" አለ ዋሴ።

ሰውየው መሣሪያውን አየ። እንደገና ለካ። "ሦስት አይመስልም።"

ያኔ ዋሴ ወደኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ላብ ነበር፤ ወባው ግን ካለፈ ሰንብቷል። ከዚያም አለ፦

"አብረን ነው የሠራነው። እኔና እሷ።"

አብረን።

ስንት ወር የጠበቅሁት ቃል ነው። በእንቅልፌ ሰምቼዋለሁ። እጁን በቲነር እየታጠበ፣ በብስክሌት እያለፈ፣ ቲነር አለሽ ሲለኝ ሁሉ ከኋላው ሊመጣ ነው ብዬ የጠበቅሁት። አሁን መጣ። የመጣውም ከሥራዬ ላይ ግማሹን ሊወስድ ነው።

 ወደ ኮምፕሬሰሩ ሄድኩ።

"ዋሴ፣ ዛሬ ኮምፕሬሰሩን አራግፈኸዋል?"

"አራግፌዋለሁ" አለ። ከልማድ ነው። ሳያስብ።

ላለፉት አምስት ቀናት እኔ አላራገፍኩትም፤ ጥምቀት ስለነበር አልገባሁም። ጎንበስ ብዬ ቧንቧዋን ከፈትኩ። ቡናማ፣ ቅባት የተቀላቀለ ውሃ እየተፋ ወጣ፤ በወለሉ ፈስሶ እስከ ጋሼ ጫማ ደረሰ። እሳቸው እግራቸውን አላነሱም። ከቦርሳዬ አራቱን ቆርቆሮ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ በተርታ ደረደርኩ።

"ይህ ቅቤ ነው። ይህ ጨርቅ። ይህ ባዶ። ይህ ደግሞ የዚህ ኮምፕሬሰር አየር። ኅዳር 13 በሩ ላይ የነበረውን የሚመስለው የቱ ነው ጋሼ? ታኅሣሥ 21 ዋሴ ተኝቶ ነበር። እናቱ ይመስክሩ፤ ሎሚዬን ተቀብለውኛል። ውጪው ሦስት ዙር ነው፣ የኮፈኑ ውስጥ ሁለት፤ ብቻዬን ረጨሁት።"

እትዬ ወለተ ሐና ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ አንድ ጊዜ መቱ። "ወይ ነው፣ ወይ አይደለም ብዬሽ ነበር" አሉ። "ስምሽን ንገሪውና ይጻፍ።"

"የጋራዡ ስም ይበቃል እኮ እትዬ" አሉ ጋሼ።

ዓለምብርሃን እስክሪብቶውን ይዞ እኔን ይጠብቃል።

"ፍሬህይወት አለምነህ" አልኩ። "የሸክላ ሠሪዋ የካሰች ልጅ። ሁለቱንም ይጻፉት።"

ጻፈው።


ጥር 14

ጠዋት ጋሼ ቤታችን ድረስ መጡ። ከበር አላለፉም፤ እናቴም አልለመነቻቸውም። "ሰው ይሳሳታል። ከነገ ጀምሮ ቀለም ቤት ግቢ። ብቻ ነገሩ ለደንበኛ እንዳይወራ" አሉ። "ካልተወራ አልገባም" አልኳቸው። ዓለምብርሃን ሌላ አሮጌ መኪና ባሕር ዳር እንዳለው፣ ቀለሟን የምትፈልግለት እኔ እንደሆንኩ ትናንት ነግሮኛል፤ ያንን አልነገርኳቸውም። ሳይነገራቸው ይለምኑኝ ብዬ ነው። አልለመኑኝም። ሄዱ።

ዋሴ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሰማያዊ ሹራቡን ለብሷል። "አስወጡኝ" አለ። "እናቴ እኮ... አንቺ ታውቂያለሽ።" አውቃለሁ አልኩት። "ፈርቼ ነው" አለ። ይህንንም አውቃለሁ አልኩት።  እጁን ብይዘው ይይዘኝ ነበር፤ እጄ ሊሄድ ሲል ተሰማኝ፤ ከትከሻዬ ነው፣ ከአንጓዬ አይደለም።

አልያዝኩትም። ሲሄድ በመንገዱ መጨረሻ እስኪጠፋ አየሁት። ናፍቆቱ አብሮት አልሄደም። እዚሁ ነው። ላስቲክ ገጥሜ እሸፍነዋለሁ፤ ፀሐይ ካላየው አይደበዝዝም፣ ምን ላድርገው።

ግን ይህን እጽፋለሁ፣ ወደፊት ደብተሬን ስከፍት እንዳነበው። ሰው ሳያየኝ ሌላው የተወውን ቧንቧ ማለዳ እየተነሳሁ ማራገፍን ከእንግዲህ አልቀበልም። ከውጪ ድንጋይ ላይ የሚቀመጥ ሎሚ ማምጣትን አልቀበልም። ለሌላ ሰው ዝምታ ምክንያት እየፈለግሁለት በዚህ ደብተር መጻፍን አልቀበልም፤ ትኩሳቱ ነው፣ ረስቶ ነው፣ በዓይኑ ነግሮኛል እያልኩ። "አብረን" የሚለውንም ቃል፣ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ከሚመጣ ሰው አፍ፣ ምንም ብናፍቀው፣ አልቀበልም።